«ዎንት» ማለትን እንማር

(በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የጸረ-ኤድስ ክበብ የውይይት ፕሮግራም ላይ በእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህር የቀረበ ንግግር)



ክበባችሁ ንግግር እንዳደርግ ሲጋብዘኝ መጀመሪያ አላመንኩም ነበር። «እኔ እኮ የእንግሊዝኛ መምህር ነኝ፤ ስለ ኤች አይ ቪ የሚነግራችሁ የጤና ባለሙያ ፈልጉ» አልኳቸው። የክበቡ ሰብሳቢ ግን «ቲቸር፣ የጤና ባለሙያዋ ባለፈው መጥታለች። እርስዎ በራስዎ ሙያ ይምጡልን» አለችኝ። እሺ፣ በራሴ ሙያ መጥቻለሁ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ነው። አራት ፊደል ብቻ ናት፤ ከመጨረሻዋ ፊደል በፊት ከላይ አንዲት ጭረት አለቻት። ስሟ «ዎንት» ይባላል።

«ኧረ ቲቸር! እዚህም ግራመር?» ስትሉ ይሰማኛል። ትንሽ ታገሱኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ይህችኑ ቃል ክፍል ውስጥ አስተማርኩና ተማሪዎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲሠሩ አዘዝኩ። አብዛኞቹ «ዛሬ አይዘንብም»፣ «ነገ አልመጣም» የሚል ጻፉ። አንድ ከኋላ ወንበር የሚቀመጥ ቀልደኛ ልጅ ግን ተነሥቶ «ኤች አይ ቪ ዎንት ካች ሚ» ብሎ አነበበ። «ኤች አይ ቪ አይዘኝም» ማለቱ ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅሁ። ደብተሩን ተቀብዬ አየሁት። ባለቤቱ በቦታው ነው፤ ረዳት ግሱ በቦታው ነው፤ ዋናው ግስ ያለ ምንም ተቀጥላ ተቀምጧል። አንድም የሰዋስው ስህተት የለበትም። በቀይ እስክሪብቶ ራይት አደረግሁና 5 ከ5 ሰጠሁት።

ይህን ልጅ ያዙልኝ። በኋላ እመለስበታለሁ።

ቃሏ ከየት መጣች?

«ዎንት» ማለት «ዊል» እና «ኖት» አንድ ላይ ሲያጥሩ የሚገኙት ቃል ነው። ተማሪዎች ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቁኛል። «ካን እና ኖት ካንት ከሆኑ፣ ዊል እና ኖት ለምን ዊልንት አልሆኑም?» ይላሉ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በድሮ ዘመን በአንዳንድ የእንግሊዝ አካባቢዎች «ዊል»ን «ዎል» ይሉት ነበር። «ዎል ኖት» ሲያጥር «ዎንት» ሆነ። ከጊዜ በኋላ «ዎል» ጠፋ፤ ከእሱ የተወለደችው «ዎንት» ግን እስከ ዛሬ አለች።

«ዊል» ራሱ በጥንቱ ትርጉሙ የጊዜ ምልክት አልነበረም። «መፈለግ፣ መፍቀድ» ማለት ነበር። ዛሬም ስም ሆኖ ሲመጣ «ፈቃድ» ማለት ነው። ሰው ከመሞቱ በፊት የሚተወው ኑዛዜም በዚሁ ቃል ይጠራል። እንግዲህ «አይ ዎንት» ስትሉ ከሥሩ ሲታይ «ፈቃዴ አይደለም» እያላችሁ ነው።

ስለ ጭረቷም አንድ ነገር ልበል። ፈተና ስታርም ዓይኔን የምታደክመው እሷ ናት፤ ግማሹ ተማሪ ይረሳታል። ነገር ግን ያለ ጭረት የሚጻፍ ሌላ ቃል አለ። ፊደሎቹ እነዚያው አራቱ ናቸው፤ ትርጉሙ ግን «ልማድ» ወይም «የለመደ» ነው። ዛሬ በመጻሕፍት እንጂ በንግግር ብዙም አይሰማም። አያችሁ፣ አንዲት ጭረት ብትወድቅ እምቢታ የነበረው ልማድ ይሆናል። በኑሮም እንዲሁ ነው። አንድ ቀን ሳይነገር የቀረ እምቢታ፣ በሁለተኛው ቀን ይቀላል፣ በሦስተኛው ቀን ልማድ ይሆናል።

ሁለት ሥራ አላት

«ዎንት» በአንድ መልክ ሁለት ሥራ ትሠራለች። አንደኛው ትንበያ ነው። «ዛሬ አይዘንብም» ስንል ገና ስላልሆነ ነገር ግምታችንን እንናገራለን። ደመናው በእጃችን አይደለም። ሁለተኛው እምቢታ ነው። «አልሄድም» ስንል ስለ ራሳችን እንወስናለን። ይህኛው በእጃችን ነው።

አማርኛችንም ከዚህ አይርቅም። «አልሄድም» የሚለው ቃል «የመሄድ ልማድ የለኝም» ሊሆን ይችላል፣ «ወደፊት አልሄድም» ሊሆን ይችላል፣ «እምቢ» ሊሆንም ይችላል። እንዲያውም እንግሊዞች ለበርና ለመኪና ጭምር «ዎንት» ሲሉ ፈረንጅ ነገሩን አካበደው አትበሉ። እኛስ «በሩ አልከፈት አለ»፣ «መኪናው አልነሣ አለኝ» እንል የለም? በሩ አፍ ኖሮት አይደለም፤ እምቢ ያለ ስለሚመስለን ነው። በር እንኳ እምቢ ማለት ከቻለ ሰው እንዴት ያቅተዋል?

ታዲያ አደጋው የት ነው? ሁለቱን ሥራዎች ስናምታታ ነው። ትንበያ ማስረጃ ይፈልጋል፤ እምቢታ ደግሞ ቁርጠኝነት ይፈልጋል። ስለ ኤች አይ ቪ የሚነገሩ ማስረጃ ያላቸው «ዎንት»ዎች አሉ። ትንኝ አያስተላልፈውም። አብሮ መብላት፣ መጨባበጥ፣ በአንድ ወንበር መቀመጥ አያስተላልፈውም። እነዚህ በጥናት የተረጋገጡ ናቸው፤ አፋችሁን ሞልታችሁ ተናገሩ። ማስረጃ የሌላቸውም አሉ። «መልኳ ጤነኛ ስለሆነ አይዘኝም»፣ «ተማሪ ስለሆነ የለበትም»፣ «አንድ ጊዜ ብቻ ስለሆነ ምንም አይመጣም»። ኤች አይ ቪ በመልክ አይታወቅም። አንድ ጊዜም በቂ ሊሆን ይችላል። ሰዋስዋቸው ትክክል ነው፤ ሐሳባቸው ግን ምኞት ነው።

ቫይረሱን ልናዘው አንችልም። ራሳችንን ግን ማዘዝ እንችላለን። ስለዚህ «አይዘኝም» ከማለት «አላደርግም» ማለት ይበልጣል።

«ካንት»፣ «ዶንት»፣ «ዎንት»

እንግሊዝኛ ሦስት እምቢ የሚመስሉ ቃላት አሉት። «አይ ካንት» አልችልም ነው፤ የሚከለክለኝ ነገር ከውጭ አለ። «አይ ዶንት» ልማዴ አይደለም፣ ደንቤ አይደለም ነው። «አይ ዎንት» ደግሞ አላደርግም፣ ወስኛለሁ ነው።

እኛ አገር ይሉኝታ አለ። ሰውን ፊት ለፊት «አላደርግም» ማለት ንቀት ይመስለናል። ስለዚህ «አልችልም» እንላለን። ለሠርግ ጥሪ፣ ለቡና፣ ለለቅሶ ቤት ይህ ጨዋነት ነው፤ ይቅር አልልም። በጭንቅ ቦታ ግን ምን እንደሚሆን እንመልከት።

አንዲት ተማሪ ከትምህርት ቤት ስትወጣ በዕድሜ የሚበልጣት ሰው መኪና አቁሞ «ነይ ምሳ ልጋብዝሽ» አላት እንበል። እሷም ፈርታ፣ ደግሞም አፍራ «አልችልም፣ ጥናት አለብኝ» አለች። እሱም «ጥናትሽን ስትጨርሺ እመጣለሁ» ይላል። «አልችልም፣ ዩኒፎርም ለብሻለሁ» ትላለች። «ልብስ እገዛልሻለሁ» ይላል። «አልችልም፣ እናቴ ትቆጣኛለች» ትላለች። «እናትሽ በምን ታውቃለች?» ይላል። አያችሁት? እያንዳንዱ «ካንት» ቋጠሮ ነው፤ ሰውየው ደግሞ አንድ በአንድ ይፈታዋል። ቋጠሮው ሁሉ ሲያልቅ ልጅቱ ምን ትበል? ከጅምሩ መሄድ ፈልጋ ችግሩ ልብስና ጥናት ብቻ የነበረ ይመስላል።

«አልሄድም» ብትል ግን የሚፈታ ቋጠሮ የለም። «ለምን?» ቢላት «ስለማልፈልግ» ብቻ ይበቃል። እምቢታ ምክንያት የመደርደር ግዴታ የለበትም።

ወንዶች ልጆች፣ እናንተን የረሳኋችሁ እንዳይመስላችሁ። ፈተና ባለቀ ቀን ጓደኞች «ዛሬ ጠጥተን፣ ከዚያ ወደምታውቀው ቤት እንሄዳለን» ይላሉ። «ብር የለኝም» ስትል «እኔ እከፍላለሁ» ይልሃል። «ቤት ይጠብቁኛል» ስትል «ወንድ አይደለህም እንዴ?» ይመጣል። ያኔ የሚያዋጣው «አልሄድም» ብሎ ወደ ቤት መንገድ መጀመር ነው። እግር ሳይሄድ አፍ ብቻውን ቢል ግን ዋጋ የለውም።

ማስጠንቀቂያም ልጨምር። «አይ ዎንት» ጠንካራ ቃል ናት። እናታችሁ «ውኃ ቅዱ» ስትል «አልቀዳም» ብትሉ ብልግና ነው፤ ቲቸር አስተማረን እንዳትሉ! በየቦታው የምትባክን ቃል አይደለችም። ጥንካሬዋ ለቁርጥ ቀን ነው።

«አትገቢም?» ሲሉሽ

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ስለማያስተውለው ነገር ልንገራችሁ። «ዎንት» በጥያቄ ስትመጣ ግብዣ ትሆናለች። «ዎንት ዩ ካም ኢን?» ማለት በጨዋ አነጋገር «ግቢ እንጂ» ማለት ነው። የእኛም «አትገቢም?»፣ «አትቀምስም?» እንዲሁ ነው። በአሉታ ይጠየቃል፤ የሚጠበቀው ግን «እሺ» ነው።

ችግሩ መልሱ ላይ ነው። በአማርኛ «አትጠጪም?» ብለው ሲጠይቁን ብዙዎቻችን «አዎ» ስንል «አዎ፣ አልጠጣም» ማለታችን ነው። በእንግሊዝኛ ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ጥያቄ «የስ» ያለ ሰው «እጠጣለሁ» ብሏል። አንድ አጭር «የስ» አንዱ ዘንድ እምቢታ ሆኖ ሌላው ዘንድ ፈቃድ ሆነ ማለት ነው! ወደፊት በሆቴል፣ በአስጎብኚነት ወይም ውጭ አገር የምትሠሩ ትኖራላችሁ፤ ይህን አትርሱ። መልሳችሁን በ«የስ» እና በ«ኖ» ላይ አትተዉት፤ ግሱን ጨምሩበት። «ኖ፣ አይ ዎንት።» በአማርኛም ቢሆን «አዎ» ብቻ ብላችሁ ወይም አንገታችሁን ደፍታችሁ ዝም አትበሉ። «አልጠጣም»፣ «አልገባም» በሉ። አማርኛ ለእምቢታ ግሱን ከፊት በ«አል» ከኋላ በ«ም» ዘግቶታል፤ በሁለቱም በኩል የተዘጋውን በር አትክፈቱት።

የአነጋገሩም ነገር አለ። «ዎንት» እና «ዋንት» በእኛ አፍ ይመሳሰላሉ። አንደኛዋ «አላደርግም»፣ ሁለተኛዋ «እፈልጋለሁ» ናት። «ዋንት» ስትሉ አፋችሁ ከፈት ይላል። «ዎንት» ስትሉ ከንፈራችሁ ይሞጠሙጥና ድምፁ ወደ «ው» ይሳባል፤ «ዎውንት» እንደ ማለት። እስኪ ሁላችሁም በሉ! «ዎውንት።» ጎበዞች። አሁን ስትሉት እንደሰማሁት ጠንከር አድርጋችሁ በሉት። በሹክሹክታና በፈገግታ የተነገረች «ዎንት» «ዋንት» ልትመስል ትችላለችና።

ሰሚውም ግዴታ አለበት

እስካሁን ስለ ተናጋሪው ነው ያወራሁት። ስለ ሰሚውም መናገር አለብኝ፤ አለበለዚያ ሸክሙን ሁሉ በአንድ ወገን መጫን ይሆናል።

በየሰፈሩ «የሴት ልጅ እምቢታ እሺታ ነው» የሚሉ አሉ። ብዙ ዓመት ቋንቋ አስተምሬአለሁ፤ «ዎንት» «ዊል» የሚሆንበት ሰዋስው አላየሁም። በአማርኛም «አልፈልግም» «እፈልጋለሁ» የሚሆንበት የለም። እምቢ ስትባል መልሱ አንድ ነው፤ ማቆም። ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 620 በኃይል ወይም በዛቻ ሴትን የደፈረ ሰው ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንደሚቀጣ ይደነግጋል።

ሌላም ልናገር። እምቢ ብላ ያልተሰማች እህት ጥፋተኛ አይደለችም። ፈርታ ድምፅ ያጣችም ጥፋተኛ አይደለችም። ጥፋቱ የሰማው ወይም መስማት ያልፈለገው ሰው ነው። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰባችሁ ወይም የደረሰባትን የምታውቁ ካላችሁ «አልፏል» ብላችሁ አትደብቁት። በፍጥነት፣ ቢዘገይ በ72 ሰዓት ውስጥ ጤና ተቋም መድረስ ያስፈልጋል። ቫይረሱ በሰውነት ውስጥ እንዳይሰፍን የሚከላከል፣ ለ28 ቀናት የሚወሰድ መድኃኒት አለ። ቶሎ በተጀመረ መጠን የተሻለ ነው።

የ5 ከ5 ልጅ

አሁን ያቆየሁላችሁን ልጅ ላምጣው።

በአንድ የክረምት ወር መናኸሪያ ቆሜ አውቶቡስ ስጠብቅ አንድ ጎልማሳ ወጣት መጥቶ ጨበጠኝ። «ቲቸር፣ ያስታውሱኛል? ኤች አይ ቪ ዎንት ካች ሚ ብዬ 5 ከ5 የሰጡኝ ነኝ» አለኝ። ሳቅሁ። እሱም ፈገግ አለ፤ ግን እንደ ድሮው አልነበረም። ሻይ ልጋብዝዎት አለኝና ተቀመጥን። ቫይረሱ በደሙ ውስጥ እንዳለ ያወቀው ከትምህርት ቤት ከወጣ በኋላ ነው። መጀመሪያ ላይ አላመነም። ከዚያ ተናደደ። ከዚያ መድኃኒቱን ጀመረ።

ምን ልበለው? «ይቅርታ አድርግልኝ፤ ያን ቀን ግራመሩን ብቻ ነው ያረምኩት» አልኩት። አንድ ጥያቄ ብጠይቀው ኖሮ፣ «ማስረጃህ ምንድን ነው?» ብለው ኖሮ እያልኩ ዛሬም አስባለሁ። እሱ ግን «እርስዎ ምን አጠፉ? የጻፍኩት እኮ እኔ ነኝ» አለኝ። ቀጥሎም ያለኝን አልረሳውም። «ስሜን አይጥሩ እንጂ ዓረፍተ ነገሩን ለልጆቹ ይንገሩልኝ። አሁን ግን ሌላ ጽፌአለሁ» አለ። ጣቱን ጠረጴዛው ላይ እያንሸራተተ ነገረኝ። «አይ ዎንት ስቶፕ ማይ ሜዲስን።» መድኃኒቴን አላቋርጥም ማለት ነው።

መድኃኒቱን በየቀኑ በሰዓቱ ይወስዳል። ሥራ አለው፤ ትዳር አለው። ባለቤቱ ስለ እሱ ሁሉንም አውቃ ያገባችው ናት፤ እሷ ነጻ ናት። በደሙ ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ ከማይታይበት ደረጃ ደርሶ እዚያው ቆይቷል። በዚህ ደረጃ ያለ ሰው ቫይረሱን በግብረ ሥጋ ግንኙነት ለሌላ እንደማያስተላልፍ በጥናት ተረጋግጧል። «አሁን አይተላለፍም ስል ማስረጃ ይዤ ነው፣ ቲቸር» አለኝ። ልዩነቱን ከእኔ የበለጠ ገብቶታል። ሁለተኛውን «ዎንት» በየዕለቱ ስለሚኖረው የመጀመሪያውን በእውነት መናገር ቻለ።

ስለዚህ ከቫይረሱ ጋር የሚኖር ጓደኛ ካላችሁ አትሽሹት። ከእሱ ጋር በመብላትና በመጫወት የሚመጣ ነገር የለም። ራሳችሁንም ሳትመረመሩ «የለብኝም» አትበሉ። ይህም ማስረጃ የሚጠይቅ ዓረፍተ ነገር ነው።

የቤት ሥራ

መምህር ያለ ቤት ሥራ አይለያችሁም። ዛሬ ማታ ደብተራችሁን አውጡና በ«አይ ዎንት» የሚጀምር አንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ስለ ዝናብ አይሁን፤ ስለ ራሳችሁ ይሁን። ለአንዱ «ትምህርቴን ሳልጨርስ ግንኙነት አልጀምርም» ሊሆን ይችላል። ለሌላው «ሳንመረመር አናደርግም» ሊሆን ይችላል። ለሌላው «ያለ ኮንዶም አይሆንም» ሊሆን ይችላል። ለአንዱ ደግሞ «እምቢ ያለችኝን ልጅ አላስገድድም» ይሁን። እያንዳንዱ የራሱን ያውቃል።

ጭረቷን አትርሱ። ደብተሩን ግን ለእኔ አታምጡልኝ። በዚህ ዓረፍተ ነገር ላይ እኔ ማየት የምችለው ግራመሩን ብቻ ነው፤ አንድ ጊዜ በእሱ ተሳስቻለሁ። እውነት መሆኑን የምታርሙት እናንተው ናችሁ፤ መኪናው የቆመ ቀን፣ ፈተናው ያለቀ ቀን፣ «አትገቢም?» የተባለ ቀን።